የጀልባ ዕቃ ሱቅ ልከፍት ነው፦ ጀልባውን ልያዝ ወይስ መለዋወጫውን?

አዲስ ቀዛፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀልባና የጀልባ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ውስጥ 4 ዓመት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ፤ አሁን የራሴን ልከፍት ነው። ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ሥራ የገባሁት ገበያው ባበደበት ሰዓት ነበር። ጀልባው ገና መንገድ ላይ እያለ ይሸጣል። ደንበኛ ቀለም እንኳ አይመርጥም፣ "ያለውን ስጡኝ" ነው የሚለው። ከዚያ ድንገት ጸጥ አለ። እኔም የወጣሁት ያኔ ነው፣ አለቃዬ የተደረደሩትን ጀልባዎች እያየ ሲብሰለሰል።

ስለዚህ የትኛው እውነተኛው ገበያ እንደሆነ ግራ ገብቶኛል፣ የበፊቱ ነው ወይስ የኋለኛው? አቅሜ ከሁለት አንዱን ነው የሚችለው። ወይ ጥቂት ጀልባና ሞተር መያዝ፣ ወይ ጀልባውን ጭራሽ ትቼ መለዋወጫ፣ የደህንነት ዕቃና ኤሌክትሮኒክስ ብቻ መሸጥ። ግን ጀልባ የሌለበት የጀልባ ሱቅ ሙሽራ የሌለበት ሰርግ ይመስለኛል። ምን ትላላችሁ?

ካንዴላ፦
ሁለቱም እውነተኛው ገበያ አይደለም እህቴ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሰው በኮሮና ቤቱ ተዘግቶበት፣ ለጉዞ ያሰበው ገንዘብ ኪሱ ቀርቶ፣ ወለድም ዜሮ አጠገብ ወርዶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዚያ ዓመት ከ310,000 በላይ አዲስ የሞተር ጀልባ ተሸጧል፤ ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ ያልታየ ቁጥር ነው። ነገሩ ግን ከሚቀጥሉት ዓመታት ገዢ መበደር ነበር። በ2023 ወይም በ2024 ሊገዛ የነበረው ሰው ቀድሞ ገዝቶ ጨረሰ። ፋብሪካዎቹ የተጠራቀመውን ትዕዛዝ ሠርተው ማድረስ ሲጀምሩ ደግሞ ወለዱ ሰማይ ወጣ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 መጀመሪያ ዜሮ አካባቢ የነበረውን በ2023 አጋማሽ ከ5 በመቶ አሳለፈው።

ወለዱ ገዢውን ብቻ እንዳይመስልሽ የሚጎዳው። ሻጩን ነው ቀድሞ የሚበላው። ሱቅ ደጃፍ ተደርድሮ የምታዪው ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የባለሱቁ አይደለም፣ የአበዳሪው ነው። አበዳሪው ለፋብሪካው ይከፍላል፣ አንቺ ስትሸጪ ትመልሻለሽ። መጀመሪያ ላይ ወለዱን ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ይችልልሻል፤ ያኔ ሁሉ ነገር ደስ ይላል። የእፎይታው ጊዜ ሲያልቅ ግን አንቺ ላይ መቁጠር ይጀምራል፣ ትንሽ ቆይቶም ጀልባው ባይሸጥም ከዋናው ብድር በየጊዜው ቀንሺ ትባያለሽ። በዚህ ላይ ኢንሹራንሱ አለ፣ ቦታው አለ፣ ማጠቡ አለ። ሳር እንደማይበላ ፈረስ ነው ብለሽ ታመጪዋለሽ፣ ቆሞ ሲበላሽ ታያለሽ።

እኔ ተቃጥዬበታለሁ። 3 ጀልባ ሁለት ወቅት ሙሉ ቆመብኝ። በሦስተኛው አዲስ ሞዴል ወጥቶ ከገዛሁበት በታች ለቀቅኳቸው። አላፊ አግዳሚው ግን ፎቶ ሲነሳባቸው ነው የከረመው፣ በፎቶው ባስከፍል ይሻለኝ ነበር። ያን ጊዜ ቤቱን ያቆመልኝ የጓዳው መደርደሪያ ነው። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ የማርሽ ዘይት፣ የውሃ ፓምፕ ኢምፔለር (ውሃ እየገፋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ጎማ)። አብዛኛው ሞተር በ100 ሰዓት ወይም በዓመት አንዴ ዘይት ቀይሩልኝ ይላል። ባለጀልባው ብር ሲያጥረው አዲስ ጀልባ ይቀርበታል፣ ያለውን ግን ዘይት ሳይቀይር መንዳት አይችልም።

ሞገድ፦
በካንዴላ ሐሳብ በግማሽ ብቻ ነው የምስማማው። መለዋወጫ ያዋጣል ማለት ቀላል ነው፣ ግን ገመድ፣ ቀለም፣ መልህቅ፣ የጀልባ ሳሙና በመሳሰሉት ከኦንላይን ሻጭ ጋር በዋጋ ተወዳድረሽ አታሸንፊም። ደንበኛው አንቺ ሱቅ መጥቶ ጨርቁን ዳስሶ፣ ልኩን ሞክሮ፣ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ፊትሽ ከሌላ ያዛል። በጣም ያናድዳል፣ ግን ትለምጂዋለሽ።

የምታሸንፊው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ችኮላ ነው። ቅዳሜ ሊወጣ ያሰበ ሰው ዓርብ ማታ ፓምፑ ውሃ አልተፋም ካለው ዋጋ አይጠይቅም፣ "አለ ወይስ የለም" ብቻ ነው። ሁለተኛው መግጠም ነው። አንድ ዓይነት ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች፣ አንድ ዓይነት ስም የተጻፈባቸው፣ የተመረቱበት ዓመት ስለተለያየ ብቻ የተለያየ ኢምፔለር ይወስዳሉ። ሰው ኦንላይን አዞ የማይገባ ዕቃ ይዞ ስንቴ መጥቶብኛል። የሞተሩን ተከታታይ ቁጥር አንብበሽ ትክክለኛውን የምትሰጪ ከሆነ ያ ደንበኛ ከአንቺ አይሄድም። ስለዚህ ጥያቄሽን ልቀይረው፦ ሜካኒክ አለሽ? ከሌለሽ ጀልባም መለዋወጫም ብትይዢ ያው ነው።

ተንሳፋፊ፦
ሙሽራ የሌለበት ሰርግ ላይ ምግቡን የሚሸጠው ሰውዬ ግን ሀብታም ሆኖ ነው የሚመለሰው 😄

አዲስ ቀዛፊ፦
😂😂 ሜካኒክ አለኝ፣ የወንድሜ ጓደኛ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ግን የኤሌክትሮኒክሱ ነገር ብዙም አይገባውም። እሱንም ልጠይቃችሁ አስቤ ነበር። ስክሪኑ፣ በድምፅ ሞገድ ከውሃው ሥር ያለውን የሚያሳየው ሶናሩ፣ አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተሩ... የቀድሞው አለቃዬ "ወደፊት ቤንዚን የለም" እያለ 2 የኤሌክትሪክ ሞተር አስገብቶ ነበር። ስወጣ ሁለቱም እዚያው ናቸው።

ሞገድ፦
ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ጥሩ ገንዘብ አለ፣ ግን ቦታው ተቀይሯል። የሜርኩሪ ሞተር ባለቤት ብራንስዊክ በ2021 ናቪኮን ገዛ፤ ሎራንስና ሲምራድ የሚባሉት ስክሪኖች የናቪኮ ናቸው። ሌላው ስክሪን ሠሪ ጋርሚን ደግሞ በ2023 የድምፅ ማጉያ ሠሪውን ጄኤል ኦዲዮን ጠቀለለ። ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? ሞተሩን፣ ስክሪኑንና ሽቦውን አንድ ቤት ሲይዘው አዲሱ ጀልባ ከፋብሪካ ሁሉ ነገር ተገጥሞለት ይወጣል። ለአዲስ ጀልባ ስክሪን እሸጣለሁ ብለሽ ብትጠብቂ ትጠብቂያለሽ።

ገበያሽ አሮጌው ጀልባ ነው። ቀፎው ደህና የሆነ የ15 ዓመት ጀልባ ያለው ሰው አዲስ መግዛት ሲከብደው በያዘው ላይ ያወጣል። ሞተር ይቀይራል፣ ሶናር ያስገባል። ጋርሚን ላይቭስኮፕን በ2018 ካወጣ ወዲህ ዓሣው ሲዋኝ በቀጥታ ስክሪን ላይ ይታያል፤ አንዴ የጓደኛው ጀልባ ላይ ያየ ዓሣ አጥማጅ እንቅልፍ የለውም። ያ ሁሉ ዕቃ መብራት ይበላል፣ ስለዚህ ባትሪ ይከተላል። ሊቲየሙ ከተለመደው የእርሳስ ባትሪ በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀላል፣ ያለውን ኃይልም አብዛኛውን ትጠቀሚበታለሽ፤ የእርሳሱን ከግማሽ በታች ደጋግመሽ ካወረድሽው ዕድሜው ያጥራል። ግን ባትሪውን ሸጠሽ ቻርጀሩን ካላየሽለት ተበላሽቶ ይመጣብሻል። አሮጌ ቻርጀር ለሊቲየም አይሆንም።

የድሮ መልህቅ፦
ልጄ፣ የኤሌክትሪክ ሞተሩን ነገር እኔ ልመልስልሽ። ሐሰት አይደለም፣ ትልልቆቹም ገብተውበታል። ሜርኩሪ በ2023 አቫተር የሚባለውን ጀመረ፣ ያማሃ በ2024 የጀርመኑን ቶርኪዶ ገዛው። ግን ማን እንደሚገዛው እይ። ጸጥ ያለ ትንሽ ሐይቅ ላይ የሚቀዝፍ፣ ቤንዚን በተከለከለበት ውሃ ላይ የሚሄድ፣ ከትልቁ ጀልባ ወደ ዳርቻ የሚያመላልስ ትንሽ ጀልባ ያለው። ለረጅም መንገድና ለፍጥነት ባትሪው ገና ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን የሚይዘውን ኃይል ለመያዝ ባትሪው ብዙ ኪሎ ይመዝናል። በትዕዛዝ አምጪ እንጂ ደርድረሽ አትያዢ።

ሌላው፣ በአንድ የሞተር ስም ላይ አትንጠልጠዪ። ኢቪንሩድ ከ100 ዓመት በላይ የቆየ ስም ነበር። በግንቦት 2020 ባለቤቱ ቢአርፒ ማምረቱን አቆምኩ አለ፣ በቃ። በዚያ ስም ብቻ የቆሙ ሻጮች አንድ ጠዋት ተነስተው የሚሸጡት አዲስ ሞተር የላቸውም። ጉዱ ግን ሞተሮቹ ውሃ ላይ ነበሩ፣ ዛሬም አሉ፣ ዕቃ ይፈልጋሉ። ሻጩ ከሰረ፣ ጠጋኙ አልከሰረም።

እና ማንም ያላነሳው ነገር፣ የደህንነት ዕቃ። ሰው የሕይወት አድን ጃኬት አንዴ ይሸጣል፣ አለቀ ይላል። አላለቀም። በጋዝ የሚነፋው ዓይነት ውስጡ ያለው ሲሊንደርና የሚያስነሳው ቁራጭ በየጊዜው ይታያል፣ ይቀየራል። የአደጋ ጊዜ ርችት ላይ የሚያልፍበት ቀን ተጽፎበታል፣ ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት ገደማ ነው። የሸጥሽለትን ሰው ስልክና ቀኑን ደብተር ላይ ጻፊ። ሊያልፍበት ወር ሲቀረው ደውዪለት። እኔ ይህን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ሞቶ የሚከርመው ወቅት እንኳ ደጄን አይዘጋውም።

አዲስ ቀዛፊ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የደብተሩን ነገር 4 ዓመት ስሠራ አንድም ሰው አልነገረኝም! ስለዚህ ጀልባ አልይዝም ማለት ነው? ምንም?

ካንዴላ፦
ብድር የሌለበት ከሆነ ያዢ። የሚነፋ ትንሽ ጀልባ፣ ካያክ፣ በራስሽ ገንዘብ የገዛሽው። ያገለገለ ጀልባም በኮሚሽን ተቀበዪ። ባለቤቱ ያስቀምጠዋል፣ ሲሸጥ ድርሻሽን ትወስጃለሽ፣ ካልተሸጠም የሚጨነቀው እሱ ነው። ሙሽራዋ ከፈለግሽ እንግዲህ በዚህ ትመጣለች።

ግን ከዚያ በፊት አንድ ሥራ አለሽ። ሱቅሽን የምትከፍቺበት አካባቢ ያለው ማሰሪያ ቦታ ሂጂና የታሰሩትን ጀልባዎች ሞተር ቁጠሪ። የማን ስም ነው፣ ስንት ፈረስ ጉልበት፣ አሮጌ ባለሁለት ምት ነው ወይስ ባለአራት ምት። ሁለት ቅዳሜ ይበቃሻል። የመጀመሪያ ትዕዛዝሽ ከዚያ ቁጥር ነው የሚወጣው እንጂ ከአስመጪው ካታሎግ አይደለም።

አዲስ ቀዛፊ፦
ቅዳሜ እሄዳለሁ። ቆጥሬ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ የትኛውን ኢምፔለር ስንት ልያዝ ብዬ ሳስቸግራችሁ እንዳትሸሹ።