ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ለምትፈልጉ

የአጎቴ ልጅ አዘዞ ላይ የእህል መጋዘን አለው። ሰሞኑን ደውሎ «ያቺን የምትጮኸዋን ፕሪንተር ፈልግልኝ» አለኝ። ስሟን አያውቀውም፤ ድምጿን ግን አስመሰለልኝ። «ጭርርር... ጭርርር።» ወዲያው ገባኝ፤ ዶት ማትሪክስ ናት። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይህንኑ ስለጠየቁኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መጀመሪያ እኔ ልጠይቃችሁ። በአንዴ ከአንድ በላይ ቅጂ ማውጣት ትፈልጋላችሁ? ካልፈለጋችሁ ሌዘር ግዙና ተገላገሉ። ዶት ማትሪክስ እስከ ዛሬ የቆየችው ስለምትመታ ነው። ቀጫጭን የብረት ፒኖች ሪቦኑን (ቀለም የጠጣውን ጥብጣብ) እየመቱ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ያሳርፋሉ። ምቱ ከስር ካለው ካርቦንም ይደርሳል። ሌዘርና ኢንክጄት ይህን አይችሉም። የአጎቴ ልጅ ጭነት ሲያስወጣ አንዱ ቅጂ ለሹፌሩ፣ አንዱ ለገዢው፣ አንዱ ለራሱ ይቀራል። ሦስቱም በአንድ ምት ስለወጡ «የእኔ ላይ ሌላ ኩንታል ነው የተጻፈው» የሚል ክርክር የለም። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 (የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞችን) ሲሞላ የኖረ የንብረት ክፍል ሰው ነገሩ ይገባዋል። የታክስ ደረሰኝ ግን አላልኩም፤ እሱ የራሱ ሕግና የራሱ ማሽን አለው።

ሌላው ነገር መብራት ነው። ሌዘር ቶነሩን (የዱቄት ቀለሙን) ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ስለሆነ ሲነሳ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ትንሽ ጄኔሬተር ያቃስታል። ኢንክጄት ደግሞ ሳይሠራ ከከረመ አፉ ይደርቃል። ዶት ማትሪክስ ትንሽ ኃይል ይበቃታል፤ ክረምቱን ሙሉ ተዘግታ ከርማም ስትበራ ሥራዋን ትቀጥላለች። በሙቀት የሚጻፈው የካሽ ሬጅስተር ወረቀት እንደሚነጣም ታውቃላችሁ። የሪቦን ቀለም እንዲያ በቀላሉ አይለቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፤ ወደ ፒን ብዛት። ሻጮች ስለ ፍጥነት ያወሩላችኋል። እናንተ ስለ ፒን ጠይቁ። ባለ 9 ፒን እና ባለ 24 ፒን አለ። እንግሊዝኛና ቁጥር ብቻ ከሆነ ባለ 9 ይበቃል። ፊደሎቹ ማሽኗ ውስጥ ስላሉ ትለቀዋለች። የእኛ ፊደል ግን ውስጧ የለም። ኮምፒውተሩ አማርኛውን እንደ ሥዕል አድርጎ ነው የሚልክላት፤ ስለዚህ ትዘገያለች። የ9ኙ ፒኖች ርቀት የኢንች 72ኛ ነው፤ በአንድ ኢንች 72 ነጥብ ማለት ነው። ባለ 24ቷ በአንድ ኢንች 180 ነጥብ ትደረድራለች። «ሊ» እና «ለ» የሚለያዩት በአንዲት እግር አይደል? ያቺ እግር በ9 ፒን ላይ ትደበዝዛለች፣ ሦስተኛው ካርቦን ላይ ደግሞ ጭራሽ ትጠፋለች። አማርኛ የምታትሙ ከሆነ 24 ፒን፤ እዚህ ላይ አልደራደርም።

ሞዴሎቹን ባጭሩ። ኤፕሰን ኤልኤክስ 300 እና ተከታዮቿ ባለ 9 ፒን ናቸው። ሪቦናቸው በቀላሉ ይገኛል፤ ለፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራም) ኢንቮይስ ጥሩ ናቸው። ኤልኪው 300 ፕላስ 2 እና ኤልኪው 590 ባለ 24 ናቸው። ኤፍኤክስ 890 ዋናውን ጨምሮ ሰባት ቅጠል ድረስ ትመታለች፤ ጉልበተኛ ናት፣ ባለ 9 ፒን ስለሆነች ግን ለአማርኛ ጥራት አትመረጥም። ኦኪ ማይክሮላይን 320 ጥንካሬዋ የተመሰከረላት ናት፤ ነገር ግን ሪቦኗን ከፒያሳ እስከ ቅዳሜ ገበያ ዞሬ አጥቼዋለሁ። ሪቦኑ የሌለ ፕሪንተር ጥይት እንደሌለው ጠመንጃ ነው፣ ለግድግዳ ብቻ። (ኤፕሰን የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1968 ከወጣች ኢፒ 101 ከምትባል ትንሽ ማተሚያ የመጣ ነው፤ «የኢፒ ልጅ» ማለት ነው። እንደ እኛው በወላጁ ስም ይጠራል።)

የት ይገዛል? ሦስት መንገድ ሞክሬያለሁ። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል።

ፒያሳ አካባቢ ያሉ ያገለገለ ዕቃ ሻጮች ጋ ሞክራችሁ፣ ነክታችሁ ትገዛላችሁ። ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። ምርጫው ግን ጥቂት ነው።

የመሥሪያ ቤት ጨረታ ርካሽ ነው። ችግሩ «ባለበት ሁኔታ» የምትለዋ ቃል ናት። ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አስይዛችሁ፣ አምስቱን በአንድ ላይ አሸንፋችሁ፣ ሁለቱ ቢሠሩ እልል በሉ። መለዋወጫ ለሚፈልግ ጠጋኝ እንጂ ለነጋዴ አልመክርም።

ከአዲስ አበባ ማስመጣት ምርጫው ሰፊ ነው። መንገዱ ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔ አንዴ ስልክ ላይ ተማምኜ ገዛሁ። ሻጩ «አዲስ በላት» ብሎኝ ነበር። በአውቶቡስ መጣች። የመጀመሪያውን ወረቀት ሳወጣ በየመስመሩ ነጭ ጭረት። አንድ ፒን ተሰብሯል። ጭረቱ እግር ላይ ሲያርፍ «ሊ»ው «ለ» ይሆናል፣ ወገብ ላይ ሲያርፍ ፊደሉን ለሁለት ይቆርጠዋል። መልሼ ብደውል ስልኩ አይነሳም። ሄዱን (ፒኖቹን የያዘውን ክፍል) ማስቀየር ደግሞ የማሽኗን ዋጋ ሊበላ ምንም አልቀረው።

ስለዚህ ሳትከፍሉ ፈትኗት። ኮምፒውተር አያስፈልግም። ወረቀት አስገቡ፤ ያለ ወረቀት አትሞክሩ፣ ሄዱ ይጎዳል። በኤፕሰኖቹ «ኤልኤፍ/ኤፍኤፍ» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ማብሪያውን አብሩ። ራሷ ፊደል መደርደር ትጀምራለች። ነጭ ጭረት ካያችሁ እግዜር ይስጥልን ብላችሁ ውጡ። ጽሑፉ ፈዞ ከሆነ ግን አትደንግጡ፣ ሪቦን ይሆናል። ከዚያ ጠርዝና ጠርዙ ላይ ቀዳዳ ያለውን ተከታታይ ወረቀት ከነካርቦኑ አስገቡና የወረቀት ውፍረት ማስተካከያዋን ማንሻ አንድ ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጉ። ብዙ ሰው ይህችን ማንሻ አያውቃትም፤ ወረቀት ሲቀደድበት ማሽኑን ይረግማል።

ገመዱንም እዩ። የድሮዎቹ ባለ 36 እግር ሰፊ ሶኬት ነው ያላቸው፤ የዛሬ ላፕቶፕ ያንን አያውቅም። ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ለዊንዶውስ ይሠራል። የቆየ የዶስ ፕሮግራም ካላችሁ ግን ፕሪንተሯን ሼር አድርጎ ከኤልፒቲ 1 (የዶስ ፕሮግራሞች ከሚያውቁት የፕሪንተር መስመር) ጋር የሚያገናኝላችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ሪቦን ሲያልቅ የማኅተም ቀለም የሚያንጠባጥቡበት አሉ። ተዉ። የሪቦን ቀለም ፒኖቹንም የሚያለሰልስ ቅባት አለበት፤ የማኅተሙ ግን ይደርቅና ያጣብቃቸዋል። ዋናውን ግዙ፣ ሁለት ግዙ።

የአጎቴ ልጅ ያገለገለች ኤልኪው 300 ፕላስ 2 ገዛ። ዩኤስቢ አላት፣ ሦስተኛው ቅጂ ላይ «ጤፍ» የሚለው ይነበባል። መጀመሪያ ቤቱ አስቀምጧት ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ሚስቱ ሕፃኑን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች፤ በማግስቱ ፕሪንተሯ ወደ መጋዘን ሄደች።