ሞተር ካጠፋሁ በኋላ መኪናዬ «ሽሽሽ» ትላለች፤ ምን ይሆን?

የአዘዞዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ2003 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። እዚሁ ጎንደር ሁሌ ከአዘዞ ፒያሳ እመላለስባታለሁ። ሁለት ሳምንት ሆናት፤ ፒያሳ ደርሼ ሞተር ሳጠፋ ከኮፈኑ ስር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ራሱ ይጠፋል። ቀይዋ የሙቀት መብራት አንድም ቀን በርታ አታውቅም። ውሃ ግን በሦስት በአራት ቀን ግማሽ ሊትር እጨምራለሁ። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውዬው ኮፈኑን ከፍቶ አንዴ አየት አደረገና «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሄዷል፣ መውረድ አለበት» አለኝ። የጠራው ዋጋ እንቅልፍ ነስቶኛል። እውነቱን ነው?

ማራኪ ሰፈር፦ ኤሲ ትጠቀሚያለሽ? ኤሲ ሲሠራ ቆይቶ ሞተር ሲጠፋ፣ ጋዙ ግፊት ከበዛበት ወደ ቀነሰበት ሲያልፍ ይፏጫል። ጤነኛ ነገር ነው። ድምፁ ግን ከዳሽቦርድ በኩል ነው የሚመጣው፤ ብዙም አይቆይም።

የአዘዞዋ፦ ኤሲዋ እኔ ከገዛኋት ጀምሮ ሠርታ አታውቅም!

ባለታክሲ፦ እህቴ አትጨነቂ። ውሃ እየጨመርሽ ንጂ። እኔ አንድ ዓመት እንደዛ ነድቻለሁ።

የድሮ መካኒክ፦ የኔ ልጅ፣ ባለታክሲውን አትስሚ። ያንን ጋራዥም እንደዚያው። ቴስታታ በዓይን ብቻ አይፈረድበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ፓምፑ ውሃውን ያዞራል፣ ራዲያተሩ ያበርደዋል። ስታጠፊው ፓምፑ ቆመ። ብረቱ ግን ገና እሳት ነው፤ ሙቀቱን በቆመው ውሃ ላይ ይለቅበታል። ስለዚህ ውሃው በጣም የሚሞቀው ካጠፋሽ በኋላ ነው። አዘዞ ያለው ዳገት ሲጨመርበት አስቢው።

አሁን ደግሞ ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። እዚህ ድስት ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ታዲያ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ክዳኑ ደህና ከሆነ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይችላል። ላስቲኩ ካረጀ ግን እንፋሎቱ በጎን ሾልኮ «ሽሽሽ» ይላል። ውሃሽም የሚያልቀው በዚያ ነው።

ጠዋት፣ መኪናዋ አድራ ፍጹም ስትቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈቺ። በትኩሱ ከነካሽው ፊትሽን ይጠብስሻል፤ በጨርቅም ቢሆን አይሞከርም። ከውስጥ ያለውን ላስቲክ በጣትሽ ዳሺው። የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ነጭ ቅርፊት የያዘ ከሆነ ቀይሪው። ስትገዢ ከላዩ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር ተመልከቺ፤ ብዙ የቶዮታ ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 ይላል። የራስሽን ዓይነት ግዢ። «ትልቁ ይሻላል» የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ ዝም ብለሽ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፊ።

ቴስታታውን ከጠረጠርሽ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሺው። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከተፍለቀለቀ፣ ወይም ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ፣ ወይም ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ካላቋረጠ፣ ያኔ እናወራለን።

ቀበሌ 18፦ ጋሼ ጨርሰውታል። አንዲት ነገር ልጨምር፤ ማታ ከሞተሩ ስር ካርቶን አንጥፊ። ጠዋት ነጠብጣቡ የት ላይ እንዳረፈ ታያለሽ። ፍሬን ስትረግጪም ከፔዳሉ በኩል ሽሽታ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የፍሬኑ ሰርቮ (ፔዳሉን ስትረግጪ ጉልበት የሚያግዝሽ) አየር እያስገባ ይሆናል። እሱ ቀጠሮ አይሰጥም፣ ቶሎ አስዪው።

የአዘዞዋ፦ ፍሬኗ ደህና ናት። ነገ ጠዋት ከፍቼ እነግራችኋለሁ።

የአዘዞዋ፦ ከፈትኩት! ላስቲኩ በአንድ በኩል ተሰንጥቆ ተቆርጧል፤ ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ይዟል። አረፋ የለም፣ ዘይቱም ንጹሕ ነው። አዲስ ክዳን አደረግኩ። ሽሽታው በጣም ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ካርቶኑ ላይ ከፊት በኩል ሁለት ጠብታ አገኘሁ።

የድሮ መካኒክ፦ ከላይኛው የውሃ ጎማ ጫፍ ይሆናል። ማጥበቂያዋን ፋሸታ እዪ። ጠብታዋ ትኩስ ብረት ላይ ስታርፍ ምጣድ ላይ እንደወደቀ ውሃ ነው የምትጮኸው።

የአዘዞዋ፦ ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ፋሸታዋ በጣት ትዞር ነበር። ጠበቅ አደረግኳት። አሁን ሳምንት ሆነ፤ ፒያሳ ላይ አጥፍቼ ጆሮዬን ደቅኜ እቆማለሁ፣ ጸጥ። ውሃም አልጎደለም።

የድሮ መካኒክ፦ ደግ አደረግሽ። አሁን የቧንቧውን ውሃ አስወጥተሽ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ጋር እኩል በእኩል አስሞይ። ያ ነጭ ቅርፊት የመጣው ከቧንቧ ውሃ ነው፤ የራዲያተሩንም ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል።

ባለታክሲ፦ እሺ፣ ተሳስቻለሁ። የኔም ዲኤክስ ሰሞኑን እንደዚያ ትላለች። አሁን ከደባርቅ መግባቴ ነው፤ ክዳኑን ልክፈተውና ላስቲኩን ልየው።

የድሮ መካኒክ፦ ጠዋት ነው ያልኩት አንተ ልጅ! ጠዋት!