ስልክ መሪ ላይ ይገጠም? «የጠየቀ አይጠፋም» እና የድሬው ጉዞ

ቦሌ 150፦
ጉዞውን የሚመሩት ጋሼ ትናንት ማታ ለድሬዳዋው የሞተር ሳይክል ጉዞ የጻፉትን አይታችኋል? ላላየ ቃል በቃል ይኸውና፦ «መሪው ላይ ስልክ የገጠመ ሰው ከእኛ ጋር አይወጣም። ስልክ ኪስ ውስጥ፣ ዓይን መንገድ ላይ። መንገድ የጠየቀ አይጠፋም።» አለቀ። ማን ተጠየቀ? ማን ተስማማ? 515 ኪሎ ሜትር እኮ ነው የምንሄደው፣ ዳቦ ልንገዛ አይደለም። የስልክ ማስቀመጫውን የገዛሁት ባለፈው ወር ነው። አሁን ምን ላድርገው፣ በሶ ልያዝበት?

ፍሬን ሸራ፦
በሶ ያዝበት፣ ይጠቅምሃል። ጋሼ ልክ ናቸው። በ80 ስትነዳ በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ትሄዳለህ። ሁለት ሴኮንድ ስልክህን ካየህ 44 ሜትር ዓይንህን ጨፍነህ ነዳህ ማለት ነው። መተሐራ ላይ 44 ሜትር ውስጥ ስንት ግመል እንደሚገባ አንተው ቁጠረው።

ቦሌ 150፦
የፍጥነት መለኪያውንም እኮ አያለሁ። እሱም ይነቀል?

ፍሬን ሸራ፦
የፍጥነት መለኪያ «የት ደረስክ?» የሚል መልእክት አያመጣልህም።

ቢጫ ጓንት፦
እኔን ያናደደኝ ስልኩ አይደለም። «የጠየቀ አይጠፋም» የሚለው ነው። ማንን ነው የምጠይቀው?
አምና ብቻዬን ድሬ እየሄድኩ አዋሽ ደረስኩ። መንገዱ እዚያ እንደሚገነጠል ታውቃላችሁ፤ አንዱ በገዋኔ ወደ ሚሌና ጅቡቲ፣ አንዱ በሚኤሶ ወደ ድሬ። እኔ ያን ጊዜ አላወቅኩም። ስልኬ እንደ ጋሼ ትእዛዝ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ ልጅ አቆምኩና «ድሬ በየት ነው?» አልኩት። «ቀጥ በል» አለኝ። ቀጥ አልኩ። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ አልኩ! በመጨረሻ አንድ የተሳቢ ሹፌር ከመኪናው ሥር ጥላ ይዞ ሻይ ሲያፈላ አገኘሁ። ሞተሬን ቀና ብሎ አየና «በዚህች ነው ጅቡቲ የምትገባው?» አለኝ። ሻዩን ግን ጋበዘኝ፣ እግዜር ይስጠው።

የድሬ ልጅ፦
አቦ ልጁን አታማው! አልዋሸህም። ጅቡቲ ደርሰህ በደወሌ ብትዞር ድሬ ትገባ ነበር። ትንሽ ዞር ያለ መንገድ ነው የነገረህ።

ፍሬን ሸራ፦
ቢጫ ጓንት፣ አንተ ጠየቅህ እንጂ መጠየቅ አታውቅም። አንድ ሰው አይጠየቅም። ሦስት ሰው ይጠየቃል።

ቢጫ ጓንት፦
ሦስት ሰው እስካገኝ ሚኤሶ እደርሳለሁ። ደግሞ ሦስቱም የሚሉህ አንድ ነው፤ «ቅርብ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረህ።» እኔ እስካሁን «ሩቅ ነው፣ ዛሬ አትደርስም» ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም። የሚያዝንልህ ሰው ሁሉ ቅርብ ነው ይልሃል። ካርታ አያዝንልህም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰላም ወገኖች፣ ከሩቅ ሆኜ ጣልቃ ልግባ። እዚህ አሜሪካ አይረን ባት ራሊ የሚባል የረጅም መንገድ የሞተር ውድድር አለ። በ11 ቀን ወደ 11,000 ማይል ነው። መግቢያው ላይ ያለው ትንሹ ፈተና እንኳ 1,000 ማይል በ24 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1,600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ማስረጃው የነዳጅ ደረሰኝ ነው። የእነዚያን ሰዎች ሞተር ፊት ለፊት ብታዩት ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት ስክሪን ነው፣ የአውሮፕላን ኮክፒት ይመስላል። መሣሪያው አይደለም ችግሩ፣ አጠቃቀሙ ነው። እኔ ያለሁበት አጠገብ ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ክልክል ነው። መግጠም ግን አልተከለከለም።

ፍሬን ሸራ፦
ኮክፒት! በቃ ስሟን አገኘናት። 11,000 ማይል ላይ ስንት ፍየል ተሻገረባችሁ? የእናንተ መንገድ ላይ መስመሩ ራሱ ይነዳሃል። ና እስኪ ኮክፒትህን ይዘህ ሂርና ላይ ጭጋግ ውስጥ ግባ፣ ከፊትህ መብራት የሌለው አይሱዙ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ እኔ አሰበ ተፈሪ ነው ያደግኩት። ጭጋጉን ለእኔ ነው የምታስተዋውቀው?

የድሬ ልጅ፦
ጭሮ በል እንጂ ታዲያ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ስሄድ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንለው። አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ?

ፍሬን ሸራ፦
ኮክፒቱ ይቆየንና፣ ዳካር ራሊን እዩት። ከ2020 ጀምሮ ሳዑዲ በረሃ ውስጥ ነው የሚካሄደው። ሞተረኞቹ መንገድ የሚያሳይ ስልክ አይጠቀሙም። አዘጋጁ የሚሰጣቸውን የመንገድ ማስታወሻ እያነበቡ ነው አሸዋውን የሚያቋርጡት። እነሱ የዓለም ምርጦች ናቸው። አንተ ለአዳማ መንገድ ካርታ ትከፍታለህ።

ቦሌ 150፦
የዳካር ሰዎች ሲወድቁ ሄሊኮፕተር ይመጣላቸዋል። በሳተላይት የሚከታተላቸው መሣሪያ ሞተራቸው ላይ ታስሯል። ያንተ ሄሊኮፕተር የት ነው ያለው? ደግሞ «እያነበቡ» ብለሃል። ምናቸውን እያዩ? መሪያቸው ላይ የተገጠመ ነገር አይደል እንዴ!

ፍሬን ሸራ፦
እሱ ለእሽቅድምድም ነው፣ የተለየ ነው።

ቦሌ 150፦
44 ሜትር ዓይን መጨፈን ነው ያልከው አንተ ነህ። አሸዋ ላይ ሲሆን ዓይናቸው ይከፈታል?

መገናኛ ጠጋኙ፦
እኔ የምተዳደረው ስልክ በመጠገን ነው፣ ሞተርም እነዳለሁ። ሁለታችሁንም የሚያስከፋ ነገር ልንገራችሁ። አፕል ራሱ በ2021 በፈረንጆቹ አስጠንቅቋል። ኃይለኛ የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳው ይችላል። ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘውን ክፍልና ፎከስ የሚያደርገውን ነው የሚያበላሸው። ባለፈው አንዱ መጣ። ስልኩ ምንም ጭረት የለውም። ካሜራውን ስከፍተው ስክሪኑ ላይ ያለው ወንበር ይጨፍራል። «ወድቆብህ ነው?» አልኩት። «ከመሪዬ ወርዶ አያውቅም» አለኝ። እሱ ነዋ ችግሩ!
ሙቀቱም አለ። አይፎን እንዲሠራ የተባለው እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ መተሐራ ፀሐይ ላይ ቻርጀር ሰክተህ አስቀምጠውና እየው። ስክሪኑ ይደበዝዛል። ቀጥሎ ስልኩ ሞቋል፣ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ ይልሃል። ካርታው የጠፋው ልክ ስትፈልገው ነው። መግጠም የግድ ከሆነ ንዝረት የሚያበርድ ጎማ ያለው ማስቀመጫ ግዙ። ካሜራው ያልሠራ አሮጌ ስልክ ካላችሁ ደግሞ እሱን ግጠሙ፣ ካርታውን ቤት ውስጥ አውርዳችሁ።

ቢጫ ጓንት፦
አሮጌው ስልክ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ጋሼ አሮጌም አይፈቅዱ።

የባለሞተሩ ሚስት፦
እኔ ሞተር አልነዳም፣ የነዳው ሰው ያገባኝ ነው። እናንተ ስለ ግመል ስታወሩ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ካርታ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ነው የማየው። ነጥቧ ከተንቀሳቀሰች ወጥ እሠራለሁ። ነጥቧ አንድ ቦታ 20 ደቂቃ ከቆመች ወጡም ያርራል። አምና አርሯል፣ እሱ ለካ አዋሽ ፍየል እየበላ ነበር። ስልኩ ኪስም ይሁን መሪ ግድ የለኝም፣ ብቻ እንዳይጠፋ።

ፍሬን ሸራ፦
እህቴ፣ ኔትወርክ በሌለበት ነጥቧ መቆሟ አይቀርም። ፍርሃት ነው የጨመረልሽ።

የባለሞተሩ ሚስት፦
ያንተ ሚስት አትፈራም ማለት ነው?

ፍሬን ሸራ፦
እኔ ስደርስ እደውላለሁ።

የድሬ ልጅ፦
አቦ እሷ ትፈራለች በለኝ፣ በቃ።

ጋሼ፦
ልጆች፣ ሳነብ ነበር። ስልክ ይዛችሁ አትምጡ አላልኩም። ኪስ ነው ያልኩት። እኔ የልማት ሠራተኛ ሆኜ በዲቲ ያማሃ ጨርጨርን ስዞር ካርታ አልነበረም፤ እሱ ይቅር፣ ያረጀ ወሬ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ ከፊቴ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ እዚህ አለ። ስልኩ ከጓንቱ ጋር አልሠራ አለው። መታጠፊያው ውስጥ ሆኖ ሄልሜቱን ገልጦ ጓንቱን በጥርሱ ሲያወልቅ አየሁት። ቪዲዮ ሊጀምር ነው። ከኋላዬ የድንጋይ መኪና አለ። ምንም አልሆነም። እኔ ግን ድሬ ገብቼ ምሳ አልበላሁም።

ቦሌ 150፦
እኔ ነኝ። ጓንቱ አዲስ ነበር።

ቢጫ ጓንት፦
ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ያሉት ግን ቪዲዮ ነው፣ ካርታ አይደለም። ቪዲዮ ይከልከል። ካርታው ምን አጠፋ? ወይም ስልኩ ኪስ ውስጥ ይሁንና አቅጣጫውን በጆሮ እንስማ።

ፍሬን ሸራ፦
ሁለቱንም ጆሮህን ከደፈንክ ተሳቢው ሲነፋብህ በምንህ ልትሰማ?

ቢጫ ጓንት፦
አንዱን ብቻ።

ፍሬን ሸራ፦
ተሳቢው በየትኛው በኩል እንደሚመጣ ተስማምታችኋል ማለት ነው።

መገናኛ ጠጋኙ፦
አንድ ነገር ልበል። በእኛ አቆጣጠር በ2011 አዲስ አበባ ሞተር ሲያግድ አንድ ላይ ስንጮህ ነበር። አሁን እርስ በርሳችን መተጋገድ ጀመርን? ደግሞ በትራፊክ ደንቡም እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ ያስቀጣል፣ ጋሼ አዲስ ነገር አላመጡም። ያመጡት «መሪ ላይ» የምትለዋን ነው።

ጋሼ፦
ያልኩት አይነሳም። መንገዱን የማያውቅ ከኔ ኋላ ይሁን። አዋሽ መገንጠያ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ሁሉም ሳያልፍ አልንቀሳቀስም።

ቢጫ ጓንት፦
እርስዎስ ጎማ ቢፈነዳብዎ?

ፍሬን ሸራ፦
ጠይቀህ ትሄዳለህ።

ቢጫ ጓንት፦
ደግመህ አልካት!

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔም ለዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ነኝ፣ ሞተር ካገኘሁ እወጣለሁ። ቅዳሜ 11 ሰዓት መነሻ ያላችሁት የንጋቱ ነው ወይስ የማታው?

የድሬ ልጅ፦
ኮክፒትህ ምን ይላል?

ቦሌ 150፦
የንጋቱ ነው። አዋሽን ሳይሞቅ እናልፋለን። አሮጌ ስልክ የሚሸጥ ካለ በውስጥ ያናግረኝ፣ ካሜራ ባይኖረውም ችግር የለም።

ፍሬን ሸራ፦
ጋሼ፣ አይተዋል?