«የባጥ የቆጡን» ማውራት ስድብ ነው?

ባለጥያቄው፦

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ማታ ማታ ቁጭ ብለን እናወራለን። ወሬያችን መነሻም መድረሻም የለውም። ከጤፍ ዋጋ ይነሳል፣ ሳናስበው የእድገት በህብረት ዘመቻ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ የኔ መኪና ጎማ ይመጣል፣ ከዚያ የአጎቴ የመሬት ክርክር። ሰሞኑን እህቴ ገብታ «አሁንም የባጥ የቆጡን ታወራላችሁ?» አለችን። አባቴ ቅር አለው። እሷ በክፋት አላለችውም፣ እሱ ግን እንደ ዘለፋ ነው የሰማው። አባባሉ በትክክል ምን ማለት ነው? ስድብነት አለው? ደግሞስ እንዲህ ያለውን የአባትና የልጅ ወሬ በበጎ የሚጠራ ቃል አለን?

ቃል ወዳጅ፦

በራሱ ስድብ አይደለም። ስድብ የሚያደርገው ተከትሎት የሚመጣው ግስ ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እንያቸው። ባጥ የሣር ቤት ጣሪያ ከውስጥ ሲታይ ነው፤ ክዳኑን የተሸከመው እንጨት። ቆጥ ደግሞ ቤት ውስጥ ከወለል ከፍ ብሎ በእንጨት የሚሠራው ነው። ዕቃ ይቀመጥበታል፣ ዶሮ ይሰፍርበታል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ስንል ያው ቆጥ ነው። ከተማ ያደገ ሰው ተረቱን አሳምሮ ያውቀዋል፣ ቆጡን ግን ብዙዎቻችን አላየነውም፤ ስለዚህ አባባሉ ከቤቱ ተነቅሎ በድምፁ ብቻ ቀርቷል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ የባጥ የቆጡን ማለት ከላይ የተሰቀለውንም የተሸጎጠውንም ሁሉ፣ ሳይመርጡ፣ እንደመጣ ማውረድ ነው።

አሁን ወደ ግሱ። «የባጥ የቆጡን ቀባጠረ» ወይም «ዘባረቀ» ካልክ፣ ሰውየው ፍሬ ያለው ነገር አልተናገረም ማለትህ ነው። ይሄ ነቀፋ ነው። «የባጥ የቆጡን ሲጫወቱ አመሹ» ካልክ ግን፣ ሰዎቹ ተዋደው፣ ሰዓት ሳይቆጥሩ፣ አንዱን ጥለው ሌላውን እያነሱ አመሹ ማለት ነው። ማንም አይቀየምበትም። «ማውራት» መሃል ላይ የቆመ ግስ ነው፤ በድምፅህ ቃና ወደየትም ይሄዳል። እህትህ በ«መጫወት» መንፈስ ተናገረች፣ አባትህ በ«መቀባጠር» ሰማ። ሁለቱም አማርኛቸው ትክክል ነው።

የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። አሁን አሁን ይህን አባባል ተጽፎ ሳገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ«መቀባጠር» ጋር ተጣብቆ ነው። አንዱ ፖለቲከኛ ሌላውን ሲያጣጥል፣ አንዱ ጋዜጠኛ ሌላውን ሲነቅፍ። ደጉ ግማሽ እየቀረ ነው። ያ ግማሽ ከጠፋ ደግሞ አንተ ከአባትህ ጋር ማታ ማታ የምታደርጉትን የምንጠራበት አንድ ጥሩ አባባል ይጎድለናል።

በበጎ የሚጠራው ቃል ጨዋታ ነው። በኛ ቋንቋ ልጅም ይጫወታል፣ ሽማግሌም ይጫወታል። ቤታችን የመጣ እንግዳ ዝም ካለ «ተጫወት እንጂ» እንለዋለን፣ ኳስ አናቀርብለትም። «ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል» የሚባለውም የናንተን ዓይነት ወሬ ነው፤ ጤፉ ዘመቻውን አነሳ፣ ዘመቻው ጎማውን። ወግ የሚለውም አለ። ግን ወግ ሰፊ ነው፤ ወሬም ነው፣ ደንብም ነው («ወግ ነው ሲዳሩ ማልቀስ»)፣ ማዕረግም ይከተለዋል። «ወግ ሲሰልቁ አመሹ» የሚለውን እወደዋለሁ። መሰለቅ የወፍጮ ቃል ነው፤ አንዴ የተፈጨውን እንደገና አልሞ መፍጨት። አባትህ ያንኑ የዘመቻ ታሪክ ደግሞ ሲነግርህ «ሰምቼዋለሁ» አትበለው። እየሰለቀው ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ በመጀመሪያው ያልነበረ ነገር ይወጣል።

የሰፈር ልጅ፦

እኛ «ከፋዘር ጋር ስንፎጋገር አመሸን» ነው የምንለው። «ስንቀድ» የሚሉም አሉ።

ቃል ወዳጅ፦

መፎጋገር ጥሩ ነው፣ ፍቅር አለው፣ ግን ቀልድና መነካካት ይበዛበታል። ቀደዳ ሌላ ነው። ቀደዳ የተጋነነ ወይም የፈጠራ ወሬ ነው፣ «ቀደደ» ያልከው ሰው ዋሸ ማለትህ ነው። ለአባት አልጠቀምበትም።

የባሕር ዳሩ፦

እኛ ጋ አባትን «አንቱ» ነው የምንለው፣ ዛሬም ድረስ። ስለዚህ የባለጥያቄውን ሳነብ ትንሽ ቀናሁ። «አባዬ፣ አንተ ደግሞ ታጋንናለህ» ብሎ አባትን ማቋረጥ ለኔ የማይታሰብ ነው። ታዲያ አንቱ እየተባለ የባጥ የቆጡን መጫወት ይቻላል ወይ ብትሉኝ ይቻላል፤ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ልጅ ጥያቄ አይወረውርም፣ ጨዋታ ያነሳል። «ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ» ይላል። አባት ከዚያ ይጀምሩና ወደፈለጉበት ይወስዱታል። ምክር ሲኖራቸውም ፊት ለፊት አይሉህም። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» አይደል። ስለ ጎረቤት ልጅ አበዳደር ረጅም ታሪክ ያወሩልሃል፣ በሬ ይገባበታል፣ ዳኛ ይገባበታል፣ አንድ ቄስ ይገባሉ፣ አንተም እየሳቅህ ትሰማለህ። ለመተኛት ስትነሳ ነው ታሪኩ ያንተ ብድር እንደነበረ የሚገባህ። ይህን ዓይነቱን ዙሪያ ጥምጥም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዙሪያ ጥምጥም ነገሩን መሸሽ ነው፣ አባቴ ግን ነገሩ ላይ ነው የሚደርሱት፣ ሳያሳፍሩኝ።

ቃል ወዳጅ፦

እዚህ ላይ ደረስንበት። ባለጥያቄው ያልጠየቀውን ሌላ አባባል ላምጣ፤ «ሆድ ለሆድ መጨዋወት»፣ ወይም «የሆድ የሆድን ማውራት»። ብዙ ሰው ይህንና የባጥ የቆጡን ተቃራኒ አድርጎ ያያቸዋል። አንዱ ጥልቅ፣ አንዱ ከንቱ። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ ቢያንስ በአባትና በጎልማሳ ልጅ መካከል የሆዱ የሚወጣው በባጡና በቆጡ በኩል ነው ብዬ ነው የማምነው።

እስቲ ያን ትውልድ አስቡት። በ1967 ዓ.ም. ተማሪ ሆኖ የዘመተ ሰው ከዚያ በኋላ ያየውን ሁሉ ለልጁ በቀጥታ አይነግርም። «አባዬ፣ ስለ ቀይ ሽብር ንገረኝ» ብትለው «ምን ይነገራል» ብሎ ያልፈዋል። ስለ ዛሬ ስኳር ዋጋ አብረህ ስትማረር ግን «ያኔ እኮ በቀበሌ ህብረት ሱቅ ተሰልፈን ነበር» ይላል። ሰልፉ ላይ ማን ከኋላው እንደቆመ ትዝ ይለዋል። ያ ሰው ምን እንደሆነ ይነግርሃል። ድምፁ ይቀየራል። ከዚያ «ለነገሩ ስኳሩም ያኔ ጥሩ ነበር» ብሎ ይመለሳል። የሆዱን ነገረህ፣ ግን ስለ ስኳር እያወራ። አንተም ስለ ስኳር መልሰህ ታወራለህ፤ ይህ ነው ጨዋነቱ።

ለዚህ ነው መሸጋገሪያ ቃሎቻችንን ልብ ብላችሁ እንድትሰሟቸው የምፈልገው። «ካነሳኸው አይቀር»፣ «ለነገሩ»፣ «እንዲያውም»፣ «በነገራችን ላይ»። ስንጽፍ እንደ ማጣፈጫ እንቆጥራቸዋለን፣ አርታኢ ሲያገኛቸው ይሰርዛቸዋል። በአባት አፍ ውስጥ ግን ሥራ አላቸው። «ካነሳኸው አይቀር» ማለት ይህን ነገር የምናገረው አንተ በር ስለከፈትክልኝ ነው ማለት ነው። አንተ ግን ምንም አላነሳህም! ስለ ጎማ ነው ያወራኸው። እሱ ሊናገር የፈለገውን ነገር ባለቤትነት ላንተ ይሰጥሃል። «ለነገሩ» ደግሞ የከበደውን ነገር ማቅለያ፣ መውጫ ነው። «ወደ ጥንተ ነገራችን እንመለስ» የሚሉ አባቶችም አሉ፤ ሲሉት ደስ ይላል፣ የሚመለሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ጨዋታቸውን የማይቋጩ ናቸው። ቋጨ የሚለው ቃል የጋቢና የነጠላ ጫፍ ክሩን ከማሰር የመጣ ነው፤ እነዚህ አባቶች ጋቢው ሳይቋጭ ይለብሱታል፣ ይሞቃልም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ይህን ሳነብ ሥራዬን አቁሜ ነው። አባቴ ደብረ ብርሃን ነው ያለው፣ እኔ እዚህ አሜሪካ። በመካከላችን ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ልዩነት አለ፣ እንደ ወቅቱ። እሱ እራት በልቶ ሲቀመጥ እኔ ምሳ ላይ ነኝ። በስልክ ባጥም የለም፣ ቆጥም የለም፤ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም። የኛን ጨዋታ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ቃል ነው፦ «ሌላስ?»

ሰላምታው ያልቃል፣ የጤናው ይጠየቃል፣ ከዚያ ዝም እንላለን። «ሌላስ?» ይላል። ሥራ ደህና ነው እላለሁ። «ሌላስ?» ልጆቹ ደህና ናቸው። «ሌላስ?» እዚያ ጋ ነው ያላሰብኩት ነገር ከአፌ የሚወጣው። ከአለቃዬ ጋር እንደተጋጨሁ የነገርኩት በሦስተኛው «ሌላስ?» ነው፣ ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግራት። «ምን ሆንክ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ምንም አልሆንኩም ነበር የምለው።

ደግሞ የሚጠራኝ «አባቴ» ብሎ ነው። «እሺ አባቴ፣ በርታ።» እዚህ የተወለደው ልጄ ግራ ይገባዋል፣ «አባቱ አንተ ነህ ወይስ እሱ?» ይለኛል። ይህ አጠራር ሁላችሁም ጋ አለ?

ቃል ወዳጅ፦

አለ፣ በሰፊው አለ። እናትም ሴት ልጇን «እናቴ» ትላለች። ለልጅህ እንዲህ በለው፦ አያትህ ሲወደኝ ስሙን ያበድረኛል። አባት የሚለው ቃል ከመውለድ በላይ ነው በኛ ዘንድ፤ መምህርም የቀለም አባት ይባላል፣ ተማሪውም የቀለም ልጅ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዙን መዝገበ ቃላት ሥራ የተረከቡት ከመምህራቸው ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድም ሳያሳትሙት አረፉ፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ጨርሰው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት፣ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ወጣ። እዚህ የምንከራከርባቸውን ቃላት ያቆዩልን እንዲህ ያሉ አባቶችና ልጆች ናቸው።

«ሌላስ?» ላይ ያልከውን ግን መዝግቤዋለሁ። እኔ የማስበው ተቃራኒው «እንግዲህ» ይመስለኛል። አባት «እንግዲህ...» ብሎ ትንፋሽ ከወሰደ ስልኩ ሊዘጋ ነው።

የባሕር ዳሩ፦

ልክ ነህ። እንግዲህ ሦስት ጊዜ ካልተባለ ግን አይዘጋም።

ባለጥያቄው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለእህቴ ይህን ሁሉ አነበብኩላት፣ «በሚቀጥለው ጊዜ ትጫወታላችሁ እላለሁ» አለች። እኛ ቤት ግን «ሌላስ?» አይባልም። አባቴ የሚለው «ምን ተባለ ደግሞ?» ነው። ዜና የሚጠይቅ ይመስላል፣ አይደለም። ዜናውን ብነግረው ግማሹ ላይ ሳልደርስ «ካነሳኸው አይቀር» ይልና የዘመተበት ወረዳ ይገባል።