ፓንዳ «ሥጋ በል» ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ አንድ የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ፓንዳን ከ«ሥጋ በል» መድቦ፣ እዚያው ገጽ ላይ ምግቡ ቀርከሃ ነው ይላል። ተሳስቷል? «የፓንዳ ድብ» ማለትስ ያስኬዳል?

መልስ፦ አልተሳሳተም። «ሥጋ በል» እዚህ ላይ የክፍለ መደብ (በእንስሳት ምደባ ከመደብ በታች፣ ከአስተኔ በላይ ያለ እርከን) ስም ነው፤ የሚመለከተው ዘርን እንጂ የሚበላውን አይደለም። ውሻ፣ ድመት፣ ጅብና ድብ ከአንድ ጥንታዊ ግንድ ስለወጡ አንድ ላይ ናቸው። አሳማ ሥጋ ካገኘ አይምርም፤ ክፍለ መደቡ ግን ሌላ ነው። ምስጥ እየላሰ የሚያድር የጅብ ዘመድ ደግሞ እኛው አገር አለ፤ እሱም «ሥጋ በል» ነው። የፓንዳ ሆድ ዘሩን አልረሳም፦ አንጀቱ አጭር ነው፣ አያመሰኳም፣ ከሚበላው ቀርከሃ የሚፈጨው 17 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በቀን ከ12 ኪሎ በላይ ማኘክ ግድ ይለዋል።

ተዋረዱ እንዲህ ይጻፋል፦ መደቡ አጥቢ፣ ክፍለ መደቡ ሥጋ በል፣ አስተኔው (የቅርብ ዘመዳሞች ቤተሰብ) ድብ። «የፓንዳ ድብ» ያስኬዳል።

ጥያቄ፦ ቀይ ፓንዳም እንደዚያው?

መልስ፦ እሱ ድብ አይደለም! ስሙን ግን ቀድሞ የያዘው እሱ ነው፤ ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኩቪዬ በ1825 መዝግቦታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ጥቁርና ነጩን ፓንዳ ፈረንሳዊው ሚስዮናዊ አርማን ዳቪድ በ1869 ድብ ብሎ ሰየመው። በዓመቱ የእንስሳት ተመራማሪው ሚልን ኤድዋርድስ አጥንቱንና ጥርሱን አይቶ ከቀይ ፓንዳ ጋር አዛመደው፤ ክርክሩም ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። ብዙ ሰው ያሳሳተው መዳፋቸው ነው። ሁለቱም ቀርከሃ የሚጨብጡበት «ስድስተኛ ጣት» አላቸው፤ ነገር ግን ከእጅ አንጓ አጠገብ ያለች ትንሽ አጥንት አድጋ እንጂ ጣት አይደለም፣ ለየብቻቸውም ያበቀሉት ነው።

ተጨማሪ፦ ክሮሞዞሙም (በሕዋስ ውስጥ ዘረመልን የሚሸከመው ክር) ቁጥሩ አደናግሯል። የፓንዳ 42፣ የአብዛኞቹ ድቦች 74። በቀለም ተነክሮ መስመር በመስመር ሲተያይ ግን የፓንዳው ክሮሞዞም አብዛኛው የድብ ክሮሞዞም ሁለት ሁለት እየሆነ የተጣበቀ ሆኖ ተገኘ። የዘረመል ተመራማሪው ኦብራየንና ባልደረቦቹ በ1985 ይህንን ከሞለኪውል ማስረጃ ጋር አቅርበው ፓንዳን ከድብ አስተኔ አስገቡት። ቀይ ፓንዳ ዛሬ የራሱ አስተኔ አለው፤ ቅርብ ዘመዶቹ እነ ራኩን (ጅራተ ቀለበት የአሜሪካ እንስሳ) ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለተርጓሚ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምደባ ሲሆን «ክፍለ መደብ ሥጋ በል» ብሎ ሙሉውን መጻፍ፤ ስለ ምግብ ሲሆን «ሥጋ ተመጋቢ»። ለሥዕል መግለጫ ደግሞ ጅራቱን ማየት ነው፦ ረጅምና ባለ ቀለበት ከሆነ «ድብ» የሚለው ቃል ይሰረዝ።