በሰፈር ግንብ ላይ ግጥምና ሂስ እንዴት ይግቡ?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ሐይቅ አቅራቢያ ባለው ሰፈራችን ወጣቶች አንድ የአጥር ግንብ ላይ ሥዕል ሊሥሉ ተዘጋጅተዋል። ከሥዕሉ ጎን ግጥም እንዲጻፍ፣ ነዋሪውም በግልጽ ሂስ እንዲሰጥበት እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ሐሳባችሁ እጅግ ደስ ያሰኛል፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታም ሠዓሊና ገጣሚ ነበር። ሂሱን ግን ለምረቃው ቀን አታቆዩት፤ ያን ዕለት ከጭብጨባ በቀር የሚሰማ የለምና፣ ንድፉ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ዓሣ አስጋሪዎቹም ሆኑ በዚያ የሚያልፉት ተማሪዎች ምን እንዳዩበት ይናገሩ።

መልስ፦ እስማማለሁ። ግጥሙ የተሣለውን ጀልባ መልሶ «ጀልባ» ካለ ትርፍ ነው፤ ሥዕሉ ያላሳየውን፣ ለምሳሌ ደጅ ደጁን የሚያየውን የአስጋሪውን ቤተሰብ፣ ይናገር። በባጃጅ የሚያልፍ ሰው ከሁለት ስንኝ በላይ አያነብም። በሲዳምኛም ይጻፍ።

መልስ፦ ግንቡ እርጥበት ካለው ቀለሙ ይላጣልና አስቀድማችሁ አስፈትሹት።