«ግማሽ ዕድሜ» ከተባለ ሙሉው ስንት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የእሳተ ገሞራ አለቶች ዕድሜ እንዴት እንደሚለካ እያነበብኩ «ግማሽ ዕድሜ» የሚለው ቃል ላይ ግራ ገባኝ። የፖታሲየም-40 (አለቱ ውስጥ ያለ፣ ቀስ በቀስ የሚፈራርስ የፖታሲየም ዓይነት ነው) ግማሽ ዕድሜ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው ይላል። ታዲያ በ2.5 ቢሊዮን ዓመት ያልቅለታል ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ አያልቅም! ጥፋቱ ያንተ ሳይሆን የቃሉ ነው። የሚጋመሰው ዕድሜው ሳይሆን መጠኑ ነው። 1.25 ቢሊዮን ዓመት ሲያልፍ ግማሹ ይቀራል፣ ሌላ ያን ያህል ሲቆይ ሩቡ፣ ከዚያ የሩቡ ግማሽ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። እኔ ብሆን «መጋመሻ ጊዜ» እለው ነበር። ሥራ ተጋመሰ እንል የለ?

አለካኩ ላይ ደግሞ የምወደው «ረጋ» የሚለውን ቃል ነው። ፖታሲየም-40 ሲፈራርስ ከፊሉ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። አለቱ ቀልጦ እየፈሰሰ ሳለ ጋዙ በአብዛኛው ያመልጣል፣ ሲረጋ ግን የሚፈጠረው እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው። የታፈነውን አርጎን ከቀረው ፖታሲየም ጋር ስታነጻጽር ከረጋ ስንት ዘመኑ እንደሆነ ታገኛለህ። በ1997 የወጣ ጥናት የጣሊያኑን እሳተ ገሞራ የቬሱቪየስን የ79 ዓ.ም. ፍንዳታ (ሁለቱም ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዚሁ በአርጎን ለክቶ 1,925 ዓመት አገኘ። የሳተው በ7 ዓመት ብቻ!

ሌላ መልስ፦ መጋመሻን ወድጄዋለሁ። እኔን የሚያናድደኝ «ላቫው በካርቦን ተለካ» የሚባለው ነው። በካርቦን-14 (ሕይወት ባላቸው ነገሮች ውስጥ የሚገኝ፣ እሱም የሚፈራርስ የካርቦን ዓይነት ነው) የሚለካው ላቫው አይደለም፣ ከሥሩ ተቀብሮ የከሰለው እንጨት ነው። የምታገኘውም የእንጨቱን ዕድሜ ነው። እሱም ቢሆን ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ አያስኬድም፣ መጋመሻው 5,730 ዓመት ብቻ ስለሆነ የሚለካ ነገር አይተርፍም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ «የእሳተ ገሞራው ዕድሜ» ማለትስ ያስኬዳል?

መልስ፦ የትኛውን ማለትህ ነው? ተራራው እኮ ስንቴ ፈንድቶ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ ተቆልሎ የቆመ ነው፣ ከላይ ያለው የትናንት፣ ከታች ያለው የመቶ ሺህ ዓመት ሊሆን ይችላል። ስለ አንዱ ፍንዳታ ከሆነ «የፈነዳበት ዘመን» በል። «ዕድሜ»ን ለተራራው ተውለት።

ጥያቄ፦ ለዚህ ነዋ ስለ ቬሱቪየስ አንዱ ጽሑፍ 79 ዓ.ም.፣ ሌላው ብዙ ሺህ ዓመት የሚለኝ! እኔ አንዱ ተሳስቷል ብዬ ስፈልግ ነው ያመሸሁት።